የተዘጋው ባሕር

በልዒድ ዘንጉን በሁለት እጁ ወደ ኋላ ለጥጦ ወረወረ። ከክንድ የማያንሰው የጎማ ዓሣ በአየር ላይ እየተገላበጠ ሄዶ ከሁለተኛው ማዕበል ጀርባ ወደቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ከኋላው የተቀመጡት ወንዶች "ክንድህ ይባረክ" ባሉት ነበር። ዛሬ ማንም ትንፍሽ አላለም። የጎማው ዓሣ የተወረወረው ሌላ ዓሣ ለማታለል አልነበረም። በልዒድ ከሆዱ ሥር የነበረውን ነጠላ መንጠቆ አውልቆ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ በሦስት ቦታ አስሮበታል፤ መሬት ለመሬት እንዲጎተትም አፍንጫው ላይ እርሳስ ጨምሮበታል። የሚፈልገው የታናሽ ወንድሙን የጃማዕን ሬሳ ነው።

ባሕሩ ጃማዕን የወሰደው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ዛሬ እሁድ ነው።

ክሩን ቀስ እያለ ይጠቀልላል። አሥር ዙር ይጠቀልልና ይቆማል፤ ዘንጉን ወደ ጎን ይስባል፤ ክሩን በጠቋሚ ጣቱ ነክቶ ያዳምጣል። ታች ያለው አሸዋ ከሆነ ልስልስ ይላል፤ ጠጠር ከሆነ ይንኮሻኮሻል፤ ድንጋይ ከሆነ ቀጥ ይላል። ጨርቅ ምን እንደሚል ግን በልዒድ አያውቅም። በሠላሳ ዓመት የማጥመድ ዘመኑ ጨርቅ አጥምዶ አያውቅም።

የጎማው ዓሣ ባዶውን ተመለሰ። ትንሽ የባሕር ሣር አንጠልጥሏል። በልዒድ ሣሩን ነቅሎ ጣለና አምስት እርምጃ ወደ ደቡብ ተራምዶ እንደገና ወረወረ። ከሐሙስ ጀምሮ ይሄን አሸዋ አምስት እርምጃ አምስት እርምጃ እያለ ሲያርሰው ነው የከረመው። መዳፉ ተልጧል። ትከሻው ሲወረውር ቀጭ ይላል፤ እሱ ግን አይሰማም፤ ከሰማ ይቆማላ።

በመንደራቸው በኢሚ ንቱርጋ ባሕሩ ሰው ሲወስድ ባሕሩ ይዘጋል። የመንግሥት ሕግ አይደለም፤ ወረቀትም የለውም። የሟች ቤተሰብ ታላቅ ቆሞ "ባሕሩ ተከፍቷል" እስኪል ድረስ ለፍለጋ ካልሆነ የማንም መንጠቆ ውሃ አይነካም፤ ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ኖረም አልኖረም። ሬሳው ከወጣ በዚያው ቀን ይከፈታል። ካልወጣ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ጀንበር ሳትጠልቅ ታላቁ ቃሉን ይሰጣል። ያ ቃል ከተሰጠ ፍለጋው አበቃ፤ ሰውየው የባሕሩ ሆነ ማለት ነው። አባትና እናታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ስለዚህ የጃማዕ ቤት ታላቅ በልዒድ ነው። ሦስተኛው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው። እስኪመሽ ወንድሙን ካላገኘው በገዛ አፉ ሊተወው ነው።

ዕድል ሲጠምም አንዴ ብቻ አይጠምም። አዝለምዛው የመጣው በዚሁ ሳምንት ነበር። አዝለምዛ ሰው የሚያክል ዓሣ ነው። በዓመት አንዴ ሰርዲን እያሳደደ እስከ አሸዋው አፍ ይመጣል፤ አምስት ስድስት ቀን ቆይቶ ይሄዳል። መንደሩ ክረምቱን የሚያልፈው በነዚያ አምስት ስድስት ቀናት ነው። አሁን ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ገደሉ ጥግ ከተፈለፈሉት ቤቶቻቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ ዘንጎቻቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ወፎቹ ውሃው ላይ ሲወርዱ ያያሉ።

ከነሱ መሀል ዳ ሙባርክ ተነስቶ በልዒድ ወዳለበት ወረደ። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ መንደሩ ሁሉ "ዳ" እያለ ነው የሚያከብረው። በአንድ እጁ የሻይ ጀበና፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ የገብስ ዳቦ ይዟል።

"ብላ" አለው።

"አልራበኝም ዳ ሙባርክ።"

"ራበህ ወይ አላልኩህም። ብላ ነው ያልኩህ። ባዶ ሆድ አይወረውርም።"

በልዒድ ዘንጉን በብብቱ ይዞ ከዳቦው ቆረሰ።

"ሬሳ በሦስተኛው ቀን ይንሳፈፋል ይላሉ፤ አይደል?" አለ።

"ይላሉ።"

"እርስዎስ ምን ይላሉ?"

ሽማግሌው ከኪሱ ብርጭቆ አውጥቶ ሻዩን ከፍ አድርጎ ቀዳ። "እኔ በዕድሜዬ አምስት ሰው ፈልጌአለሁ። ሁለቱን አግኝተናል።"

"ሦስቱስ?"

"ሦስቱን አላገኘናቸውማ።" ብርጭቆውን ሰጠው። "ልጄ፣ እኔ እንኳ ቃሉን ባልጠየቅሁህ ነበር። ሰዎቹ ናቸው የላኩኝ።"

"ጀንበር አልጠለቀችም።"

"አዎ፣ አልጠለቀችም።"

"ብትጠልቅስ? ቃሉን አልሰጥም ብልስ?"

"አልሰጥም ካልክ ማንም መንጠቆ አይጥልም። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ልጆቻቸውን ዳቦ በሻይ አብልተው ያሳድራሉ። ማንም ደጅህ መጥቶ አይጨቀጭቅህም።"

ይሄ ነበር አንጀቱን የቆረጠው። ቢጨቀጭቁት ኖሮ ይጣላቸው ነበር። ዝም ያለ የተራበ ሰው ፊት ግን ምን ይባላል?

ዳ ሙባርክ ሄደ። በልዒድ ወረወረ፣ ጠቀለለ፣ ተራመደ።

ከርሃቡም ከትከሻውም በላይ የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ለማንም አልተናገረም። የዚህ አሸዋ ሰዎች የሚያጠምዱት ሁለት ሁለት ሆነው ነው። አንዱ ዘንግ ይይዛል። ዓሣው ደክሞ ዳር ሲደርስ ሌላው ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ጎንበስ ብሎ በዓሣው መተንፈሻ እጁን ከትቶ ወደ ደረቁ ይጎትታል። የወረደው ሰው ጀርባው ለባሕሩ ነው፤ የሚመጣበትን አያይም። ስለዚህ ዘንግ የያዘው ዓሣውን አይመለከትም። ዓሣውን በክንዱ ይሰማዋል፤ ዐይኑ ግን ባሕሩ ላይ ነው፤ ማዕበል ሲያብጥ "ተመለስ" ብሎ ይጮኻል። አባታቸው መወርወር ሳያስተምራቸው በፊት ያስተማራቸው ይሄን ነው።

ሐሙስ ዘንግ የያዘው በልዒድ ነበር። የወረደው ጃማዕ ነበር። በልዒድ ደግሞ ዓሣውን አየ። እንዲህ ያለ ዓሣ በዕድሜው አይቶ አያውቅም፤ ዐይኑ አልነቀል አለው። ሦስት ትንፋሽ ቢሆን ነው። ቀና ሲል ውሃው ነጭ አረፋ ሆኖ ነበር፤ ክሩ ተበጥሷል፤ ጃማዕ የለም።

ለመንደሩ "ማዕበሉ ከየት መጣ ሳይባል መጣ" አላቸው። "ባሕሩን እያየህ ነበር ወይ?" ብሎ የጠየቀው የለም። እንዲህ ያለ ነገር ለዓሣ አጥማጅ አይጠየቅም፤ አባትን ከመስደብ አይተናነስም።

እኩለ ቀን ላይ ልያዚድ ከደቡብ በኩል ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ መጣ። የጃማዕ የልብ ጓደኛ ነው፤ በሠላሳ ዓመቱ ገና ያላገባ፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

"እስከ ወንዙ አፍ ሄጄ አየሁ፣ ዳ በልዒድ። ምንም የለም። አንድ በርሜልና አንድ የሞተ ውሻ።"

"ዋሻዎቹንስ?"

"ሦስቱንም። በሆዴ ተስቤ ነው የገባሁት።" ክርኑ ተልጦ ደም ቋጥሯል። እጅጌውን ሳበበትና "መቼም ጃማዕ ማርፈድ ልማዱ ነው" አለ። "ለሰርጉ እንኳ አርፍዶ የለ? ሙሽሪት ልብሷን ቀይራ ልትተኛ ስትል ነው 'ጎማ ፈንድቶብኝ' ብሎ የደረሰው። በእግሩ ነበር እኮ የመጣው።"

በልዒድ ሳቅ መጣበት። ሳቁ ሳይወጣ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ልያዚድም ቀልዱን የጣለበት ቦታ ጠፋው፤ አጎንብሶ የሌለ ጠጠር ከጫማው ማራገፍ ጀመረ።

"ሂድ እረፍ" አለው በልዒድ። "ሰሜኑን እኔ አየዋለሁ።"

ከቀትር በኋላ ረቂያ መጣች። የጃማዕ ሚስት ናት፤ የዓሣ አጥማጅ ልጅም ናት። ሐሙስ የለበሰችው ሰማያዊ ቀሚስ ከላይዋ አልወረደም። ከበልዒድ አጠገብ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች።

"የመስጊዱ ፈቂህ 'ለሌለ ሰውም ይሰገዳል፣ እንስገድለት' አለኝ" አለች። "ከተማ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ 'ሬሳ ከሌለ ዳኛው ዓመታት ጠብቂ ይልሻል' አለኝ። እኔ ምንድን ነኝ፣ ዳ በልዒድ? ባል ያላት ነኝ ወይስ ባል የሞተባት? የሐዘን ነጭ ልልበስ አልልበስ?"

"አገኘዋለሁ።"

"ሐሙስም እንዲህ ብለኸኝ ነበር።"

በልዒድ ክሩን መጠቅለል ቀጠለ።

"እስቲ እንዴት እንደነበር እንደገና ንገረኝ" አለች።

"ስንቴ ልንገርሽ?"

"ቁርጡን እስካውቅ።"

ነገራት። ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር፣ ጃማዕ ወረደ፣ ማዕበሉ ከቀኝ በኩል መጣ። አንገቷን ነቀነቀች።

"ዓሣውስ?"

"ምን ዓሣው?"

"ትልቅ ነበር?"

"ትልቅ" አለ በልዒድ። "ጎኑ ወርቅ የመሰለ፣ የአፉ ውስጥ ቢጫ። ግራ ጎኑ ላይ፣ ከክንፉ ኋላ፣ የዳነ ቁስል ነበረበት፤ ይህችን የምታክል።" አውራ ጣቱን አሳያት።

ረቂያ አውራ ጣቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ አሸዋውን ከቀሚሷ አራገፈችና ሌላ ሳትል ወደ ገደሉ ወጣች። በልዒድ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ እንደገና ወረወረ።

ጀንበሯ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ በልዒድ ጸሎት ጀመረ። ሦስተኛው ቀን ሲደርስ "በሕይወት ይገኝ" የሚለውን ጸሎት ትቶታል። አሁን የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ጌታዬ፣ አጥንቱንም ቢሆን ስጠኝ። የማጥበውን ስጠኝ። የምቀብረውን ስጠኝ።" ሰው እንዲህ ብሎ የሚለምንበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

በሰሜኑ ጫፍ፣ ውሃው ጥቁር በሚሆንበት ሰርጥ ላይ ወረወረ። እርሳሱ እስኪሰጥም ጠበቀ። አሥር ዙር ጠቀለለ። ቆመ። ወደ ጎን ሳበ።

ከበደ።

ድንጋይ መሰለው፤ ግን ድንጋይ ቀጥ ይላል፤ ይሄ አልቆመም። ዘንጉ ጎበጠ፤ ክሩ ቀስ ብሎ ወደ ደቡብ፣ ወራጁ ወደሚሄድበት ተንሸራተተ። የማይታገል፣ የማይጎትት፣ ዝም ብሎ የሚከብድ ነገር። በልዒድ እግሩን አሸዋው ውስጥ ተከለ።

"ያዘ!" ብሎ ጮኸ። "ያዘ! አንድ ነገር ይዟል!"

ገደሉ ጥግ ያሉት ሁሉ ተነሱ። ልያዚድ ከሁሉ ቀድሞ ወረደ። ሌሎቹ ከኋላው። ዳ ሙባርክ እንኳ በትሩን ጥሎ እየተንገዳገደ መጣ። ረቂያ በባዶ እግሯ ከደጃፏ ስትወርድ ሴቶቹ ሊይዟት ሞከሩ፤ አልቻሉም።

"ቀስ" አለ ልያዚድ። "ቀስ በል፣ ጨርቁ እንዳይቀደድ።"

"አውቃለሁ።"

"ከማዕበሉ ጋር ሳብ። ውሃው ሲመለስ ልቀቅለት።"

"አውቃለሁ አልኩህ እኮ!"

በልዒድ እንባው እየወረደ ሳበ። ሦስት ቀን ያልወረደ እንባ ነበር። መጣህ ወንድሜ፣ እያለ ነበር በልቡ፣ መጣህ፣ ትንሽ ቀረህ። ነጩን ጨርቅ አሰበ፣ ሙቅ ውሃውን አሰበ፣ ከአባታቸው አጠገብ ያለችውን ቦታ አሰበ። በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ እፎይ ብሎ አያውቅም።

ከዚያ የዘንጉ ጫፍ ነቀነቀ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ።

እዚያ የቆሙት ወንዶች በሙሉ ለዚያች ንቅናቄ ሲሉ ነው የሚኖሩት። ለሷ ሲሉ ነው በብርድ ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ የሚቆሙት። አሁን ግን አንዱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ሌላው አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

"አዝለምዛ ነው" አለ ልያዚድ በሹክሹክታ። "ራሱን እያራገፈ ነው።"

በልዒድም አውቆታል፤ ክንዱ ነግሮታል። ከወገቡ ቢላዋ መዘዘ፤ ክሩን ሊበጥስ።

"አውጣው" አለች ረቂያ ከኋላው።

"ዓሣ ነው ረቂያ። ሕይወት ያለው ነገር ነው። እሱ አይደለም።"

"አውጣው። በዐይኔ ሳላየው አላምንም።"

ቢላዋውን መለሰ። ዓሣው ማን እንደያዘው አሁን የገባው ይመስል ክሩን እያፏጨ ወደ ጥልቁ ወሰደ፤ በልዒድ ቆሞ ጠበቀው፤ መለሰው፤ እንደገና ወሰደ። ማንም አይዞህ አላለውም፣ ማንም አልሳቀም። ትከሻው ተገንጥሎ የሚወድቅ መሰለው። ግማሽ ሰዓት ሳይሆነው አይቀርም፣ ትልቅ ወርቃማ ጎን በመጨረሻው ማዕበል ውስጥ ብልጭ አለ።

ልያዚድ ወረደ። ውረድ ያለው የለም፤ እግሩ ነው የሄደው፤ ከሕፃንነቱ የለመደው እግሩ። ጉልበቱ ድረስ ገባ፤ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ አጎነበሰ።

በልዒድ ዓሣውን አየ። አየና መብረቅ እንደመታው ሰው ዐይኑን ከላዩ ነቀለ። ቀና ሲል ከሰርጡ ማዶ ውሃው እያበጠ ነበር፤ ሰፊ፣ ድምፅ የሌለው።

"ተመለስ! ልያዚድ ተመለስ!"

ልያዚድ ዘለለ። ማዕበሉ ከኋላው ደርሶ ወገቡ ላይ መታው፤ ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው ጎተቱት። ውሃው ሲመለስ ዓሣው አሸዋው ላይ ቀርቶ ነበር። ሠላሳ ኪሎ አያንስም። ጅራቱ አሸዋውን ይመታል።

ሁሉም ትንፋሹን ሰበሰበ። ረቂያ ዓሣውን አንዴ ብቻ አየችው። ከዚያ ወደ በልዒድ ዞረች።

"ዛሬ ባሕሩን አየህ" አለች።

በእጇ ወደ ልያዚድ አመለከተች።

"ዛሬ አየህ፤ ሰውየውም ተረፈ። ሐሙስስ?"

"ረቂያ፣ ልጄ" አለ ዳ ሙባርክ፣ "ሐዘን ነው የሚያናግርሽ፤ እንዲህ ያለ ነገር..."

"ይተዉት፣ ዳ ሙባርክ" አለ በልዒድ። ዘንጉ ከእጁ ወደቀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የሱ እውነት ሦስት ቀን ፈጀ። "ሐሙስ ዓሣውን ነበር ያየሁት። ባሕሩን አላየሁም። ማዕበሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የነገርኳችሁ ሁሉ ውሸት ነው። ጃማዕ በኔ ዐይን ተማምኖ ወረደ፤ እኔ ዓሣ አየሁ።"

ከወንዶቹ መሀል አንዱ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አለ።

"አውቄ ነበር" አለች ረቂያ። ድምፅዋ አልጨመረም፤ አልቀነሰም። "ሰባት ጊዜ ነገርከኝ። ማዕበሉ አንዴ ከቀኝ ይመጣል፣ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ሁለት ይሆናል። ዓሣው ግን ሰባቱንም ጊዜ አንድ ነው። ቁስሉ እንኳ ከቦታው አይነቃነቅም።"

በልዒድ በጉልበቱ ወደቀ። ብትመታው፣ ብትረግመው፣ ፊቱን ብትቧጭረው ይሻለው ነበር። አላደረገችውም።

"ይቅር በይኝ አልልሽም" አለ። "አፍ የለኝም።"

"አትበለኝ። ይቅርታ የለኝም። ቢኖረኝም ዛሬ የለኝም።"

ጀንበሯ ከውሃው አንድ ክንድ ያህል ቀርቷታል። ሃያው ወንድ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ማንም ወደ ወፎቹ አላየም። ዳ ሙባርክ እንኳ ቅድም የተላከበትን ጉዳይ አላነሳውም።

"ቃሉን ሊጠይቁኝ ነው የሚጠብቁት" አለ በልዒድ ቀና ሳይል። "ቃሉ የኔ አይደለም። የቤቱ ታላቅ ነኝ ብዬ በዚህ አፌ አልናገርም። ያንቺ ነው። ይዘጋ ካልሽ ይዘጋል፤ እስክትጠግቢ ይዘጋል።"

"ሴት እኮ..." ብሎ አንዱ ጀመረ፤ ዳ ሙባርክ በዐይኑ ዝም አሰኘው።

ረቂያ ባሕሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ቀስ ብላ ወደ ገደሉ፣ በየደጃፉ ወደቆሙት ሴቶችና ልጆች ዞረች።

"ይከፈት" አለች። "ይሄን ዓሣ ግን በደጄ እንዳታሳልፉት።" ከዚያ አንዷ ሴት ደረሰችላት፤ ደግፋት ወጡ። እላይ ሲደርሱ ሰማያዊ ቀሚሷን እንደያዘች ጮኸች፤ የባሏን ስም አንዴ ብቻ። ከሐሙስ ወዲህ ስትጮኽ የመጀመሪያዋ ነበር።

"ባሕሩ ሳይከፈት የወጣ ዓሣ አይበላም" አለ ዳ ሙባርክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሦስት ቀን ሥጋ ያልቀመሱ ሰዎች ናቸው፤ አንድም የተከራከረ የለም። ከውሃው መድረሻ በላይ አሸዋውን በእጃቸው ቆፈሩ፤ ሠላሳ ኪሎውን ዓሣ አስገቡና መለሱበት። በልዒድ ጉድጓዱ ሲደፈን ማየት አልቻለም። ለዓሣው መቃብር ተገኘ፤ ለወንድሙ አልተገኘም። ይሄን ከዚህ በኋላ በየቀኑ ይዞት ይነሳል፣ ይዞት ይተኛል፤ ምን ያደርገዋል?

ሲጨርሱ ሰዎቹ ዘንጋቸውን ይዘው ቆሙ፤ ግን ማንም ቀድሞ መወርወር አልፈለገም። በልዒድ የራሱን ዘንግ ከአሸዋው አነሳ። ባለ ሦስት ጥርሶቹን መንጠቆዎች አንድ በአንድ ፈታ፤ ነጠላውን መልሶ አሰረ። ዘንጉን ለዳ ሙባርክ ዘረጋለት።

"አንተስ?" አለ ሽማግሌው።

"እኔ ሁለተኛ አልወረውርም።"

ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ሄደ። ድንጋዩ ከአሸዋው ወጣ ብሎ የቆመ ነው፤ ከላዩ ሆኖ ሰርጡ፣ ሦስቱም የማዕበል መስመርና ከነሱ ማዶ ያለው ሁሉ ይታያል። ነፋስ ስለሚመታው ማንም አይቀመጥበትም። በልዒድ ወጥቶ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ።

"ጣሉ" አለ ከላይ። "እኔ አያለሁ።"

መጀመሪያ ዳ ሙባርክ ጣለ። ከዚያ ሌሎቹ። ብዙ አልቆየም፤ የሽማግሌው ዘንግ ጎበጠ፣ ሰዎቹ ዙሪያውን ተሰበሰቡ፣ ዓሣው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደከመ። ልያዚድ ሱሪው ከቅድሙ ሳይደርቅ ወደ ውሃው ጫፍ ሄዶ ቆመና አንገቱን አዙሮ ወደ ድንጋዩ አየ።

"ቆይ" አለ በልዒድ። "ይሄኛው ይለፍ... ከኋላው ያለው ትልቅ ነው... ቆይ... እሱም ይለፍ። አሁን። ግባ።"

ልያዚድ ገባ።

"አለህ። ጊዜ አለህ። አትቸኩል። ሦስተኛው እያበጠ ነው፤ ይዘኸዋል? ውጣ። ውጣ፣ ውጣ።"

ልያዚድ እጁን እስከ ክርኑ መተንፈሻው ውስጥ ከትቶ እየጎተተ ወጣ። ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸዋው ላይ የሰው ሁካታ ተሰማ፤ ልጆች ከገደሉ እየተሯሯጡ ወረዱ። ልያዚድ ራሱን መግታት አልቻለም፤ ዓሣውን በሁለት እጁ ከአሸዋው ከፍ አድርጎ ወደ ድንጋዩ አንጋጠጠ።

"ዳ በልዒድ! አየኸው? ከቅድሙ አይበልጥም?"

"አላየሁትም" አለ በልዒድ፤ ዐይኑን ከውሃው አልነቀለም።